ሳይጮኽ የሚታመም ኩላሊት

ሲያርስ ውሎ ወገቡ የተቆረጠ ገበሬ «ኩላሊቴን አመመኝ» ይላል። እንስራ ስታመላልስ የዋለች ሴት እንደዚሁ ትላለች። አዲስ አበባ ኮምፒውተር ላይ ጎብጦ የዋለ ሠራተኛም ከእነሱ አይለይም። በእኛ ቋንቋ ኩላሊት ከጎድን በታች፣ ከዳሌ በላይ ላለ ሕመም ሁሉ ማረፊያ ስም ሆኗል። አብዛኛው የጡንቻ ወይም የጀርባ አጥንት ጣጣ ነው። ጠጠር የያዘ ኩላሊት በእርግጥ ያንከባልላል፤ ኢንፌክሽን የገባበትም ያምማል። ሉፐስ የገባበት ኩላሊት ግን ብዙውን ጊዜ ምንም አይልም። የሰው ጎን ሳይነካ፣ እንቅልፍ ሳይነሳ፣ ወራት ሙሉ ሲፈርስ ይከርማል።

መንዝ ቀያ ገብርኤል ውስጥ፣ ከዘመሮ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የምትኖር አንዲት የ23 ዓመት ሴት እናስብ። የአንድ ሰው ታሪክ ስላልሆነ ስም አንሰጣትም፤ አካሄዱ ግን ሉፐስ የሚያክሙ ሐኪሞች ደጋግመው የሚያዩት ነው። መጀመሪያ የታመሙት ጣቶቿ ናቸው። ለባና የሚሆን ሱፍ ልትፈትል ስትቀመጥ ጠዋት ጠዋት እንዝርቱ እጇ ላይ አልሽከረከር ይላታል፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ይለቃታል። ቁርጥማት ነው ተባለ። ቀጥሎ ፊቷ ላይ ከጉንጭ ጉንጭ አፍንጫዋን ተሻግሮ ሽፍታ ወጣ፤ ጎረቤቶቿ ማድያት ነው አሏት። በአጨዳ ሰሞን ፀሐይ ላይ ውላ ስትገባ ትኩሳት ያዛት፤ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ታሸላት። ፀጉሯ መርገፍ ጀመረ፤ ይህን ሐሳብ ነው አሉት። አንድ በሽታ አራት ስም ተሰጠው፤ ለአራቱም የየራሱ መድኃኒት ተፈለገለት።

በዚህ ላይ የአገሬውን ሰው መውቀስ አይገባም። ምች የሚለው ስም ራሱ ከጥሩ ትዝብት የመጣ ነው፤ ፀሐይ የሚያስነሣው ሕመም አለ ማለት ነው። ሉፐስ ደግሞ ፀሐይ ከሚቀሰቅሳቸው በሽታዎች አንዱ ነው። ማድያትና የሉፐስ ሽፍታ ግን አንድ አይደሉም። ማድያት ሳያምም፣ ሳያሳክክ ቀስ እያለ የሚጠቁር ቀለም ነው። የሉፐሱ ቆጣ ይላል፣ ፀሐይ ሲነካው ይብሳል፣ ከአፍንጫ ጎን ወደ ከንፈር የሚወርደውን እጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ዘሎ ያልፋል። በጠይም ፊት ላይ ቅላቱ ደምቆ አይታይም፤ ጠቆር ብሎ ወይም ሐምራዊ መስሎ ይወጣል። የሕክምና መጻሕፍት ለብዙ ዘመን በአብዛኛው በነጭ ቆዳ ላይ የተነሡ ሥዕሎችን ሲያሳዩ ስለኖሩ፣ የሐበሻን ፊት አይቶ «ይሄ ሉፐስ ሊሆን ይችላል» ለማለት የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል።

ሉፐስ የላቲን ቃል ነው፤ ተኩላ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የአውሮፓ ሐኪሞች ፊት ላይ የሚወጣው ቁስል አውሬ የነከሰው መስሏቸው ያወጡት ስም ነው። የመንዝ ጓሳ ሰው ተኩላ ሲባል በሣሩ መሐል አይጥ የሚያድነው ቀይ ቀበሮ ይታየው ይሆናል፤ እሱ ግን ሰው አይነካም። የበሽታው ስም ለዚህ እንስሳ አይገባውም።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። በሰው ገላ ውስጥ በየቀኑ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ አዳዲሶቹ ይተካሉ። ሬሳው በዚያው እንዳይቀር ሟቹን ገና ሳይፈነዳ የሚውጡ ጠራጊ ሕዋሳት አሉ። ሥራው በትክክል ሲሄድ ማንም አያውቀውም። ሉፐስ ባለበት ሰው ላይ ግን ይህ ጠረጋ ይዘገያል። ያልተነሣው ሕዋስ ይፈነዳና በማህሉ የነበረው ዲኤንኤ፣ ዲኤንኤው የተጠቀለለባቸው ፕሮቲኖችም ጭምር፣ ወደ ደም ይፈስሳል። ዲኤንኤ ቦታው በሕዋስ እንብርት ውስጥ ነው። ውጭ ሲገኝ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ቫይረስ የገባ ይመስለዋል፤ ቫይረስም የሚመጣው እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ነውና። ኢንተርፌሮን የሚባለውን የማስጠንቀቂያ ኬሚካል ያሰራጫል፤ ከዚያም በዲኤንኤው ላይ ፀረ እንግዳ አካል መሥራት ይጀምራል።

ፀረ እንግዳ አካል ጥሩ የአማርኛ ስም ነው፤ እንግዳውን የሚቃወም ማለት ነው። በሉፐስ ግን ባለቤቱ ራሱ እንግዳ ሆኖ ይቆጠራል።

ጠረጋው መዘግየቱ ግምት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ሰዎች አሉ። በደማችን ውስጥ ሲ1ኪው የሚባል ፕሮቲን አለ፤ አንዱ ሥራው የሞቱ ሕዋሳትን እንዲነሡ ምልክት ማድረግ ነው። ይህ ፕሮቲን ጭራሽ ሳይኖራቸው የሚወለዱ በጣም ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ከእነሱ አብዛኞቹ ሉፐስ ይዟቸዋል። ሌላው ማስረጃ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ማልኮልም ሃርግሬቭስና ባልደረቦቹ የሉፐስ ሕሙማንን ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲያዩ፣ የሌላ ሕዋስን እንብርት የዋጠ ነጭ የደም ሕዋስ አገኙ። ያ ሕዋስ ለሉፐስ የመጀመሪያው የላቦራቶሪ ምርመራ ሆነ። ዛሬ ቦታውን ኤኤንኤ የሚባለው የደም ምርመራና የፀረ ዲኤንኤ ምርመራ ይዘውታል።

በሽታው ድንገት የሚገባ ይምሰል እንጂ ሥራውን ሲሠራ ቆይቶ ነው የሚታየው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ተቀምጦ የቆየ የአሜሪካ ወታደሮችን ደም መልሶ መረመረ። በኋላ ሉፐስ እንዳለባቸው ከታወቁት 130 ሰዎች 115ቱ ገና ሳይታመሙ በደማቸው ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓይነት የተሳሳተ ፀረ እንግዳ አካል ነበራቸው፤ አንዳንዶቹ ከዓመታት በፊት። የእኛዋም ልጅ እንዝርቱ እምቢ ሳይላት በፊት ደሟ ውስጥ ነገሩ ተጀምሮ ሊሆን ይችላል።

ለምን በእሷ ላይ? ከ10 የሉፐስ ሕሙማን 9ኙ ሴቶች ናቸው፤ በአብዛኛውም በመውለጃ ዕድሜ ያሉ። ሆርሞን ድርሻ አለው። ሴቶች ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም ስላላቸው፣ በዚያ ላይ የተቀመጡ የመከላከያ ዘረ መሎች ከወንድ በላይ የመሥራት ዕድል አላቸው። ዘር ያዘነብላል፣ ሌላ ነገር ይገፋል። ከሚገፉት መካከል አንዱ መንዝ ላይ ሁልጊዜ አለ፤ ፀሐይ። ከባሕር ወለል በአንድ ሺህ ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው የማይታይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የመንዝ ደጋ ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል። ብርዱ ያታልላል፤ ጋቢ ተከናንቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው ፊቱ እየተቃጠለ መሆኑን አያስብም። ጨረሩ የቆዳ ሕዋሳትን ይገድላል፣ የሞቱት ቶሎ አይነሡም፣ ውስጣቸው ይፈስሳል፣ ፀረ እንግዳ አካሉ ይሰበሰባል። ፀሐይ የነካው ፊት ነው፤ መዘዙ ግን ኩላሊት ድረስ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ሉፐስ ኩላሊትን ጠላት አድርጎ አይነሣም። ኩላሊት የሚጎዳው ደም በብዛት የሚጣራበት ቦታ ስለሆነ ነው።

ሁለቱ ኩላሊቶች ልብ ከምትረጨው ደም አምስተኛውን ያህል ይወስዳሉ፤ በየደቂቃው አንድ ሊትር ገደማ። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ፤ እንደ ተድበለበለ ክር የተጠቀለሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። በቀን ከደም ላይ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። ውኃ በሃያ ሊትር ጄሪካን ለሚቀዳ ቤተሰብ ዘጠኝ ጄሪካን ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ተኩል ሊትር ገደማ ነው፤ ሌላው ሁሉ ወደ ደም ይመለሳል። ማጣሪያው ሦስት ንብርብር አለው፤ ከደም በኩል መስኮት መስኮት ያለው ስስ ግድግዳ፣ መሐል ላይ ወፈር ያለ ሽፋን፣ በሽንት በኩል ደግሞ እግራቸውን እንደ ጣት አቆላልፈው የቆሙ ሕዋሳት። ውኃና ጨው ያልፋሉ፤ ፕሮቲንና የደም ሕዋስ አያልፉም። እንደ ወንፊት ነው፤ ዱቄቱ ይወርዳል፣ ገለባው ይቀራል።

ፀረ እንግዳ አካሉ ዲኤንኤውን ሲያገኘው ይጣበቅበትና እብጥ ያለ ጓል ይሠራል። ጓሉ በደም ሲዞር ውሎ ግፊቱ በበረታበት፣ ቀዳዳው በጠበበበት ወንፊት ላይ ይቀመጣል። ሌላም መንገድ አለ። የማጣሪያው ሽፋን አሉታዊ የኤሌክትሪክ ኃይል አለው፤ ዲኤንኤውን የሚሸከሙት ፕሮቲኖች ደግሞ አዎንታዊ ናቸው። ስለዚህ የዲኤንኤው ቁርጥራጭ ብቻውን ቀድሞ ሄዶ ሽፋኑ ላይ ይጣበቃል፤ ጭጎጎት በበግ ጸጉር ላይ እንደሚይዘው። ፀረ እንግዳ አካሉ በኋላ መጥቶ እዚያው ያገኘዋል።

ጓሉ ተቀምጦ ቢቀር ኖሮ ብዙ ባልጎዳ። ነገር ግን ፀረ እንግዳ አካል የተለጠፈበት ነገር ሁሉ «ይህን አጥፉ» የሚል ምልክት አለው። ኮምፕልመንት የሚባሉ የደም ፕሮቲኖች ምልክቱን አይተው አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ይነሣሉ፤ ሕዋስ ይበሳሉ፣ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይጠራሉ። የመጡት ነጭ ሕዋሳት ጀርም ለመግደል ያዘጋጁትን መርዝ ጀርም በሌለበት ወንፊት ላይ ያፈስሱታል። የኩላሊት ብግነት የምንለው ይህ ነው። ሐኪሞች ሲ3 እና ሲ4 የሚባሉትን ፕሮቲኖች በደም ውስጥ የሚለኩትም ለዚህ ነው፤ ቁጥራቸው ሲያንስ ኩላሊቱ ላይ እየነደዱ እያለቁ ይሆናል።

ከሁሉ የሚገርመው የጓሉ ማረፊያ የሕመሙን ጠባይ መወሰኑ ነው። በማጣሪያው መሐል ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች በሚያያይዘው ክፍል ላይ ብቻ ከቀረ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሽንት ላይ ትንሽ ምልክት ይሰጣል፣ አንዳንዴም ምንም። ከደሙ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር ካረፈ ነጭ ሕዋሳቱ ስለሚደርሱበት ብግነቱ ይበረታል፤ ደም ግፊት ይነሣል፣ ሽንት ደም ይቀላቅላል፣ ኩላሊቱ በሳምንታት ውስጥ ሊደክም ይችላል። በሽንቱ በኩል፣ ከሽፋኑ ማዶ ካረፈ ደግሞ ነጭ ሕዋሳቱ አያገኙትም፤ ስለዚህ ብግነቱ ለስላሳ ነው፣ ግን ወንፊቱ ይላላና ፕሮቲን በብዛት ይፈስሳል። በሽታው ከ1ኛ እስከ 6ኛ በመደብ የተከፈለው በዚህ ነው፤ 3ኛውና 4ኛው ኃይለኛ ሕክምና የሚፈልጉት፣ 5ኛው አፍሳሹ፣ 6ኛው ጠባሳ ብቻ የቀረበት ነው። የትኛው እንደሆነ ፊት አይቶ ወይም ደም ቀድቶ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። በአልትራሳውንድ እየታየ በቀጭን መርፌ ከጀርባ በኩል ከኩላሊቱ ቅንጣት ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ሰዎች ይህን ምርመራ ይፈሩታል፤ «ኩላሊቴን ቆርጠው ወሰዱት» የሚልም አይጠፋም። የሚወሰደው የስፌት ክር ያህል የቀጠነ ነገር ነው። ታማሚዋ ደም እንዳይፈስሳት ከምርመራው በኋላ ለሰዓታት ተጋድማ ትቆያለች።

ሉፐስ ካለባቸው ከ10 ሰዎች 4 ያህሉ ኩላሊታቸው በአንድ ወቅት ይነካል፤ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት። ይህን ያህል የተለመደ ሆኖ ሳለ የሚታለፈው ለምንድን ነው?

አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ የገጠር ሰው ሽንቱን አያየውም። ፕሮቲን ያለበት ሽንት አረፋ ይሠራል፤ እንቁላል ሲመታ አረፋ የሚያወጣው በዚያው ዓይነት ፕሮቲን ነው። ከተማ ያለ ሰው መጸዳጃው ላይ አረፋው ሳይጠፋ ሲቆይ አይቶ ሊደነግጥ ይችላል። አፈር ላይ፣ ቁጥቋጦ ሥር የሚሸና ሰው ግን ምን ያያል? መሬት ይጠጣዋል። ስለዚህ ምልክቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ነው። ፕሮቲኑ ከደም ሲፈስስ ውኃን በደም ሥር ውስጥ የሚይዘው ይቀንሳል፤ ጨውም አይወጣም፤ ውኃው ወደ ሥጋ ይወርዳል። ጠዋት የዓይን ቆብ ያብጣል፣ ማታ እግር። ኮንጎ ጫማ ትናንት ልኳ የነበረ ዛሬ ይጠብቃታል፤ ሲወልቅ የጠርዙ ምልክት እግሯ ላይ ሰምጦ ይቀራል። በአውራ ጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ቶሎ አይመለስም።

«እማማ፣ ልጅዎ ጠዋት ስትነሣ ዓይኗ ሥር ያብጣል?» ቢል የጤና ጣቢያው ባለሙያ፣ እናትየዋ «ኧረ ልጄ፣ እንቅልፍ በዝቶባት ነው» ሊሉት ይችላሉ። ያኔ ነው ዲፕስቲክ የሚባለው የሽንት መመርመሪያ የሚያስፈልገው። ከጣት ረዘም ያለች ቀጭን የፕላስቲክ ስንጥር ናት፤ በላይዋ ትናንሽ ባለ ቀለም አራት ማዕዘኖች ተለጥፈውባታል። በብልቃጥ በተያዘ ሽንት ውስጥ ነከር አድርጎ ማውጣት፣ ጠርዙን ጠረግ ማድረግ፣ አንድ ደቂቃ ያህል መጠበቅ። የፕሮቲኑ ቢጫ ማዕዘን እዚያው ቢጫ ከሆነ ደህና ነው። ወደ አረንጓዴ ከሄደ፣ እየጠለቀ በሄደ ቁጥር ፕሮቲኑ በዝቷል። የደሙ ማዕዘን ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ወይም ሙሉ አረንጓዴ ከታየ ዓይን ያላየው ደም አለ። ላቦራቶሪ አይፈልግም፣ መብራት አይፈልግም። እርጉዝ ሴቶችን ለመከታተል ቀድሞውንም ጤና ተቋማት የሚጠቀሙበት ነው። እኔን ቢጠይቁኝ፣ ቁርጥማት ይዟት ከአንድ ወር በላይ የቆየች ወጣት ሴት ሁሉ ሽንቷ በዚች ስንጥር ሳይታይ ወደ ቤቷ መመለስ የለባትም።

አለዚያ ግን የሚሆነው ይታወቃል። መገጣጠሚያዋን ላመማት ልጅ ዲክሎፌናክ ይሰጣታል፤ እንክብል ወይም መርፌ። ሕመሙ ይታገሳል፤ ትደግማለች። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይቀንሳሉ፤ ለጤነኛ ሰው ለጥቂት ቀን ችግር ላይፈጥሩ ይችላሉ፣ በብግነት ላይ ላለ ኩላሊት ግን ቁስል ላይ ጨው ናቸው።

ሽንቷ ፕሮቲን ያሳየ እንደሆነ መንገዱ ረጅም ነው። ከዘመሮ አካባቢ ወደ መሐል ሜዳ፣ መርሐቤቴ የሆነ ደግሞ ዓለም ከተማ ወዳለው እናት ሆስፒታል፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን፤ ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። የኩላሊት ናሙና ወስዶ ማንበብና የሉፐስ ሕክምና መጀመር የሚችሉት እንደ ጥቁር አንበሳ ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ናቸው። ብዙ ነገር ግን እዚያ ሳይደረስ በቅርብ ይሠራል። ደም ግፊት መለካት፣ ክሪያቲኒን ማየት፣ የማኅበረሰብ ጤና መድን ደብተር ይዞ የሪፈር ወረቀት ማጻፍ። ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ይከማቻል። ግን ማጣሪያዎቹ ብዙ ስለሆኑ ግማሽ ያህሉ ቢጠፉም ቁጥሩ ብዙ ላይንቀሳቀስ ይችላል። «ክሪያቲኒኗ ደህና ነው» ማለት «ኩላሊቷ ደህና ነው» ማለት አይደለም።

ሕክምናው ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ «ኩላሊት ታሞ ሳለ ለምን የኩላሊት መድኃኒት አይሰጠኝም?» የሚል ነው። መልሱ ከላይ የተባለው ነው፤ ጥፋቱ ከወንፊቱ ስላልመጣ ወንፊቱን ብቻ ማከም አይበቃም። መከላከያ ሥርዓቱ መብረድ አለበት። ቀዳሚው ፕሬድኒሶሎን ነው። ኮርቲዞን የተባለው የዚህ መድኃኒት አባት፣ በዚያው ማዮ ክሊኒክ፣ በዚያው 1948 ዓመት፣ በፊሊፕ ሄንች እጅ ቁርጥማት ላመማት ሴት ተሰጠ፤ ሄንችና ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ከዚያ በፊት ኃይለኛ የሉፐስ ኩላሊት የያዘው ሰው ከጥቂት ዓመት በላይ አይቆይም ነበር። ፕሬድኒሶሎን ፊትን ያከብባል፣ ያስርባል፣ ስኳርና ግፊት ያነሣል፣ ተኝቶ የቆየ የሳንባ ነቀርሳን ሊቀሰቅስ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ድንገት ማቆም ነው፤ ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን መሥራት ስለተወ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ሰው ሊወድቅ ይችላል። የሚቀነሰው በሐኪም ቀስ በቀስ ነው። ከእሱ ጋር ሳይክሎፎስፋሚድ በደም ሥር፣ ወይም ማይኮፌኖሌት በአፍ ይሰጣል፤ በኋላ አዛታዮፕሪን ይከተላል። በቅርቡ ቤሊሙማብና ቮክሎስፖሪን የተባሉ አዲስ መድኃኒቶች በአሜሪካ ለሉፐስ ኩላሊት ተፈቅደዋል፤ ዋጋቸው ግን ከእኛ ታማሚ አቅም በላይ ነው።

ለሁሉም የሉፐስ ሕሙማን ሊባል በሚችል መልኩ የሚሰጠው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነው። የወባ መድኃኒት ዘመድ ነው፤ እዚህ ላይ ችግር ይመጣል። ደገኛ ሰው ወባን የሚያውቀው ቆላ ወርዶ ነው። «እኔ ወባ የለብኝ፣ ይሄ ምን ያደርግልኛል?» ብላ እንክብሉን የተወች ታማሚ ትኖራለች። መድኃኒቱ በሉፐስ ላይ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ ዲኤንኤን እንደ ጠላት የሚያነብበውን የሕዋስ ክፍል ያደክማል። ለዓመታት ይወሰዳል፣ በእርግዝናም ጊዜ አይቆምም፤ ዓይንን ስለሚነካ ግን ዓይን ሐኪም አልፎ አልፎ ማየት አለበት። እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የግፊት መድኃኒቶች ደግሞ በወንፊቱ ላይ ያለውን ጫና ቀንሰው የሚፈስሰውን ፕሮቲን ያሳንሳሉ። ከምግብ ጨው መቀነስ የዚህ ሁሉ አጋዥ ነው፤ ሽሮና በርበሬ ውስጥ ቀድሞ የገባውንም መቁጠር ነው።

ጾምና ጸበል ሳይነሡ መንዝ ላይ ስለ መድኃኒት መጻፍ አይቻልም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት የጠዋቱን እንክብል ትዘልላለች፤ በዐቢይ ጾም ይህ ወደ ሁለት ወር ይጠጋል። ብዙ ንስሐ አባቶች ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ፤ ግን ካልተጠየቁ እንዴት ያውቃሉ? ጸበል ቦታ ሰንብታ መድኃኒቷን ጥላ የምትመለስም አለች። የኤችአይቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ ይኸው ጥያቄ እንጦጦ ላይ ተነሥቶ ነበር፤ ያኔ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ለሉፐስም ከዚያ የተለየ ሕግ አያስፈልገውም።

ስለ ልጅ መውለድ ደግሞ ገና ያላገባችም ቢሆን መነገር አለበት። ሳይክሎፎስፋሚድ በብዛት ሲሰጥ መካን ሊያደርግ ይችላል። ማይኮፌኖሌት ፅንስ ያበላሻል፤ ለማርገዝ የምታስብ ሴት ቀድማ በሌላ መቀየር አለባት። በሽታው ቢያንስ ለስድስት ወር ጸጥ ካለ በኋላ የሚመጣ እርግዝና ብዙ ጊዜ በደህና ይጠናቀቃል። በእርግዝና ውስጥ ግፊትና ፕሮቲን አብረው ሲነሡ የእርግዝና ግፊት ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም ነው። ሉፐስ ባለባት ሴት ላይ ግን የሉፐሱ መነሣትም ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱ ሕክምና ደግሞ ይለያያል።

አንድ የጎን ነገር። በአሜሪካ ጥቁር ሕሙማን ኩላሊታቸው ቶሎ እንደሚደክም ተደጋግሞ ተጽፏል፤ አንዱ ምክንያት አፖኤልዋን የተባለ ዘረ መል ውስጥ ያለ፣ መነሻው ምዕራብ አፍሪካ የሆነ ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት የኢትዮጵያ ተወላጆች ሲመረመሩ ይህ ለውጥ አልተገኘባቸውም። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣውን ቁጥር እንዳለ ወስዶ በእኛ ሰው ላይ መለጠፍ ልክ አይደለም። የእኛ ሰው ኩላሊቱ ቢደክም ምክንያቱ ከዘር ይልቅ መዘግየት የመሆኑ ነገር ሚዛን ይደፋል ባይ ነኝ።

ሕክምናው ከዘገየ የሚከተለው የኩላሊት እጥበት ነው፤ በተለምዶ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል። ለዘመሮ ሰው ይህ ማለት ቤት ዘግቶ ከተማ መግባት ነው። ንቅለ ተከላ በአገራችን የተጀመረው መስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ ሲጀመር ኩላሊቱን የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ነበር። ሉፐስ ያለባትም ሴት በሽታዋ ከበረደ ሊተከልላት ይችላል። ሕክምና ያገኙትም ቢሆኑ ከመቶ ከ10 እስከ 30ዎቹ በዓመታት ውስጥ ወደዚህ ደረጃ ሊደርሱ ይችላሉ። የቀሩት ግን በራሳቸው ኩላሊት ይኖራሉ።

እኛ ያሰብናት ልጅ ከነዚያ እንድትሆን፣ ክትትሏ ብዙ ጓዝ የለውም። ጠርዙ ሰፊ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ለአጨዳ ሰሞን፣ እንክብሎቿ ከእንዝርቷ ጎን በአንድ ሙዳይ፣ በወር አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ግፊት መለካት። በዚያው ቀን በብልቃጥ ሽንት፣ ስንጥሯን ነከር፣ አንድ ደቂቃ፤ ከዚያ ባለሙያውና እሷ ጎን ለጎን ሆነው ቢጫው ቢጫ ሆኖ መቅረቱን ያያሉ።